ፖስታው መድረስ አለበት
የዣን መርሞዝ ሕይወትና የወጣት አይሮፕላን ነጂ ፈተና

ከትምህርት ቤት ወጥቶ አዲስ ሥራ የያዘ ወጣት ሁሉ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የሚገጥመው አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። አለቃው አንድ ሥራ ሲያዘውና ሥራው ከዐቅሙ ወይም ከተሰጠው መሣሪያ ዐቅም በላይ መስሎ ሲታየው ፣ እሺ ይበል ወይስ እንቢ ይበል? እሺ ቢል ጉዳት ሊደርስ ይችላል ፤ እንቢ ቢል ደግሞ ሰነፍ ወይም ፈሪ ይባላል ፤ እንጀራውም ያሠጋዋል። በጽሕፈት ቤት ለሚሠራ ሰው የዚህ ጥያቄ ዋጋ ወቀሳ ወይም የደመወዝ ቅጣት ነው። ደብዳቤና ዕቃ ጭኖ በትንሽ አይሮፕላን ለሚበር ወጣት ግን ዋጋው ነፍስ ነው።

ዛሬ የፈረንሳዩን አይሮፕላን ነጂ የዣን መርሞዝን ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ የተነሣነው በዚህ ምክንያት ነው። መርሞዝ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው የአትላንቲክን ውቅያኖስ ፖስታ ጭኖ በመሻገሩ ነው። በፈረንሳይ አገር ብዙ መንገዶችና ትምህርት ቤቶች በስሙ ተሰይመዋል ፤ በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካርም አንድ ሰፈር በስሙ ይጠራል። እኛ ግን ይበልጥ የምንመለከተው ዝናውን ሳይሆን ሥራ የጀመረበትን ጊዜና የሞተበትን ቀን ነው ፤ ሁለቱን አንድ ነገር ያገናኛቸዋልና። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስ።

የልጅነቱ ዘመን

ዣን መርሞዝ የተወለደው በዲሴምበር 9 ቀን 1901 ዓ.ም. በሰሜን ፈረንሳይ ኦበንቶን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባትና እናቱ ገና በሕፃንነቱ ስለ ተለያዩ ፣ የልጅነቱን ጊዜ ያሳለፈው በአያቶቹ ቤት ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ አገሩ በጀርመን ጦር ስለ ተያዘ ቤተ ሰቡ ወደ ደቡብ ተሰደደ። በኋላም በፓሪስ ከእናቱ ጋር ኖረ። እናቱ በአስታማሚነት ሥራ እየተዳደሩ ያሳደጉት ሴት ነበሩ ፤ እርሱም እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ለእናቱ የነበረው ፍቅር የታወቀ ነው።

በትምህርት በኩል የተለየ ዝንባሌ የታየበት አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃን መጨረሻ ፈተና በወደቀ ጊዜ ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ በ1920 ዓ.ም. ለአራት ዓመት ውትድርና ፈረመና ወደ አየር ኀይል ተመደበ። በ1921 ዓ.ም. የነጂነት ፈቃድ ካገኘ በኋላ ወደ ሶርያ ተላከ። በዚያም በበረሃ ላይ መብረርን ፣ ሞተር ሲበላሽም በአሸዋ ላይ ወርዶ ውሃ ጥሙን ታግሦ በእግር መጓዝን ተማረ። ውሉን ፈጽሞ በ1924 ዓ.ም. ከጦሩ ሲሰናበት ከፍ ያለ የበረራ ልምድ የነበረው የ22 ዓመት ወጣት ነበር።

ነገር ግን ይህ ልምድ እንጀራ አልሆነለትም። ከጦርነቱ የተረፉ ብዙ ነጂዎች ሥራ ፈትተው በከተማው ይንከራተቱ ነበር ፤ የሲቪል አየር መንገዶች ደግሞ ገና በጣም ጥቂቶች ነበሩ። መርሞዝም በፓሪስ ከተማ ያገኘውን ትንንሽ ሥራ እየሠራ ፣ በቁጥር እየተከፈለው በፖስታ ላይ አድራሻ እየጻፈ ፣ አንዳንድ ቀንም ጦሙን እያደረ ወራት አሳለፈ። ለያንዳንዱ አየር መንገድ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። በመጨረሻ በመከር ወራት አንድ መልስ ከቱሉዝ ከተማ መጣለት።

ዲዲዬ ዶራ

የጠራው ድርጅት በተለምዶ ላቴኮኤር እየተባለ የሚጠራው አየር መንገድ ነው። ፒየር ዦርዥ ላቴኮኤር የተባለው የአይሮፕላን ፋብሪካ ባለቤት ፣ ጦርነቱ በተፈጸመ በሰባተኛው ሳምንት ፣ በዲሴምበር 25 ቀን 1918 ዓ.ም. ከቱሉዝ ተነሥቶ እስፓኝ አገር ባርሴሎና ድረስ በመብረር መንገዱን አስጀመረ። አሳቡ በእስፓኝና በሞሮኮ ላይ አልፎ እስከ ሴኔጋል ፣ ከዚያም ውቅያኖሱን ተሻግሮ እስከ ደቡብ አሜሪካ ደብዳቤ ለማመላለስ ነበር። በዚያን ጊዜ ይህን የሰሙ ሰዎች ሕልም ነው ብለው ይስቁ ነበር።

የዚህን ሕልም ሥራ በየቀኑ የሚያካሂደው ዲዲዬ ዶራ የሚባል ሰው ነው። ዶራ በቨርደን ጦር ሜዳ የተዋጋ ፣ በኋላም የጦር አይሮፕላን ነጂ የነበረ ፣ ቁመቱ አጭር ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነበር። እምነቱ አንድ ነው ፤ ይኸውም ፖስታው በተወሰነለት ሰዓት መነሣትና በተወሰነለት ሰዓት መድረስ አለበት የሚል ነው። ነጂ ቢታመም ሌላ ነጂ ይነሣል ፤ አይሮፕላን ቢሰበር ሌላ አይሮፕላን ከረጢቱን ይቀበላል ፤ ጉም ቢሆን ዝናብ ቢሆን ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት እንጂ በወሬ መቅረት የለም። ሰዓት ያጓደለ ሰው ምክንያቱ ብዙ አይሰማለትም ፤ ለሥራው የማይሆን ሲመስለው ዶራ ያለ ብዙ ቃል ያሰናብተዋል። አንቷን ደ ሴንት ኤግዙፔሪ በ1931 ዓ.ም. ባወጣው በሌሊት በረራ ልብ ወለድ ውስጥ ያለው ጥብቅ አለቃ የተሣለው በዚሁ በዶራ መልክ ነው።

መርሞዝ ቱሉዝ ሲደርስ ወዲያው አይሮፕላን ይሰጠኛል ብሎ ነበር። የተሰጠው ግን የሥራ ቱታ ነው። ወደ ሞተር መጠገኛው ገብቶ ጥቀርሻ የለበሱ ሲሊንደሮችን ሲያጥብ ፣ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ሳምንታት አለፉት። የጦር ሜዳ ነጂ የነበረ ሰው ሁሉ በዚህ በር ይገባ ነበር ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሴንት ኤግዙፔሪና ሄንሪ ጊዮሜም ያለፉት በዚሁ ነው። አንዳንዱ ተዋረድኩ ብሎ ይሄዳል። ነገር ግን የዶራ አሠራር መናቅ አልነበረም። በበረሃ ላይ ሞተር ቢቆም መካኒክ ከየትም አይመጣምና ነጂው ሞተሩን በእጁ ማወቅ ነበረበት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ያገራችን ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የፈተናው ቀን በደረሰ ጊዜ መርሞዝ ችሎታውን ለማሳየት ቸኮለ። አይሮፕላኑን ወደ ላይ አቁሞ ፣ ወደ ጎን ገልብጦ ፣ አዙሮና ጠምዝዞ ፣ ሰው ሁሉ እየተደነቀ ሳለ መሬት ወረደ። ዶራ ግን ፊቱ አልተፈታም። ድርጅቱ የሰርከስ ተጫዋች እንደማይፈልግ ነግሮ አሳፈረው። መርሞዝ ተቈጥቶ ዕቃውን ሊሰበስብ ሲል ዶራ ጠርቶ እንደ ገና እንዲነሣ ፣ ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ፣ ሰፋ አድርጎ እንዲዞርና በዝግታ እንዲያርፍ አዘዘው። የታዘዘውን ብቻ አደረገ ፤ በዚያው ቀን ተቀጠረ።

አንባቢ ልብ ይበል። ወጣት ሠራተኛ በጀማሪነቱ የሚገጥሙት ሁለት ዓይነት ጭነቶች ናቸው። አንደኛው ራሱ በራሱ ላይ የሚጭነው ነው ፤ ይኸውም ለመታየት ፣ ለመደነቅ ያለው ጉጉት ነው። ሁለተኛው አለቃውና ሰዓቱ የሚጭኑበት ነው። ዶራ የመጀመሪያውን ከመርሞዝ ትከሻ ላይ አወረደለት ፤ ሁለተኛውን ግን እጅግ አክብዶ ጫነበት።

የመስመሩ ሥራ

በዚያን ጊዜ የመስመሩ አይሮፕላን ብሬጌ 14 ይባል ነበር። ከጦርነቱ የተረፈ ፣ ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ፣ 300 የፈረስ ጉልበት ያለው አንድ ሞተር የሚጎትተው ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም። የነጂው መቀመጫ ክፍት ስለ ሆነ ዝናቡና ብርዱ ፊቱን ይመታዋል። ራዲዮ የለም ፤ በደመና ውስጥ አይሮፕላኑ ቀጥ ብሎ መቆሙን የሚያሳይ መሣሪያም የለም። ሞተሩ ሳይታሰብ የሚቆም ስለ ነበረ ነጂው ሁልጊዜ ዐይኑን ወደ መሬት ጥሎ ፣ ቢቸግር የማርፍበት ማሳ የቱ ነው እያለ ይሄዳል።

ወጣቶቹ ነጂዎች በቱሉዝ የሚያድሩት ግራን ባልኮን በሚባል ርካሽ ሆቴል ነበር። ሆቴሉን የሚያስተዳድሩት ሦስት እኅትማማቾች ናቸው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ፣ በከተማው ማመላለሻ ተሳፍረው ፣ ሞንቶድራን ወደሚባለው የአይሮፕላን ሜዳ ይሄዳሉ። ማታ በእራት ጊዜ አንድ ወንበር ባዶ የሆነ እንደ ሆነ ማንም ብዙ አይጠይቅም ነበር ይባላል። መንገዱ ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ ድርጅቱ በ1933 ዓ.ም. ወደ ኤር ፍራንስ እስከ ተቀላቀለ ድረስ የሞቱት ሠራተኞች ከ100 በላይ ናቸው።

በጁን 1925 ዓ.ም. መንገዱ ከካዛብላንካ እስከ ዳካር ሲዘረጋ አደጋው ሌላ መልክ ያዘ። በምዕራብ ሰሐራ ጠረፍ ያሉት የበረሃ ጎሣዎች ለማንም መንግሥት አይገዙም ነበር። ስለዚህ አይሮፕላኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይበራሉ ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ወርዶ ነጂውንና ፖስታውን እንዲያነሣ ነው። የአገሩን ቋንቋ የሚያውቅ አስተርጓሚም ከነጂው ጋር ይሳፈራል። መርሞዝ በ1926 ዓ.ም. በዚሁ በረሃ ሞተሩ ተበላሽቶ ወረደና በጎሣዎቹ እጅ ወደቀ ፤ በገንዘብ ተዋጅቶም ተለቀቀ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ጉርፕ ፣ ኤራብልና ፒንታዶ የተባሉት ባልደረቦቹ በዚሁ በረሃ ሲያዙ ግን እንደ እርሱ ዕድል አላገኙም ፤ ሦስቱም ሞቱ።

ይህ ሁሉ ሲሆን መርሞዝ ከሥራው አልሸሸም። እንዲያውም የዶራን ሕግ የራሱ ሕግ አድርጎ ተቀበለው። ለምን ቢባል በከረጢቱ ውስጥ ያለው ወረቀት ለእርሱ ተራ ወረቀት አልነበረም። የነጋዴ ውል ፣ የእናት ደብዳቤ ፣ የመንግሥት ጉዳይ ነው ፤ ሌላ ሰው በአደራ የሰጠው ነገር ነው። በአደራ ላይ መዘግየት እንደ ነውር ይቈጠር ነበር።

ሌሊት ፣ ተራራና ውቅያኖስ

በ1927 ዓ.ም. ድርጅቱ ማርሴል ቡዩ ላፎን ለተባለ ባለ ገንዘብ ተሸጦ ኤሮፖስታል ተባለ። መርሞዝም ወደ ደቡብ አሜሪካ ተልኮ የዚያ ክፍል ዋና ነጂ ሆነ። በዚያም አዲስ ችግር ገጠመው። አይሮፕላኑ በቀን ከመርከብና ከባቡር የሚቀድመውን ሌሊት ቆሞ በማደሩ ይከስረዋል። ከዚህ የተነሣ በሌሊት መብረር ግድ ሆነ። በዚያ ዘመን በጨለማ ውስጥ ፣ መብራት በሌለበት ጠረፍ ፣ በአንድ ሞተር መብረር እብደት ይባል ነበር። መርሞዝ ሌሎችን ከማዘዙ በፊት በኤፕሪል 1928 ዓ.ም. ራሱ ሞከረውና በሪዮ ዴ ዣኔይሮና በቦነስ አይረስ መካከል የሌሊት በረራ ተጀመረ። አለቃ ሲሆን ለበታቾቹ ያሳየው ይህ ጠባይ የሚመሰገን ነው ፤ ራሱ ያልበረረበትን መንገድ ሌላ ሰው እንዲበርበት አላዘዘም።

በማርች 1929 ዓ.ም. ወደ ቺሌ የሚያሻግር መንገድ ለመፈለግ ከመካኒኩ ከአሌክሳንደር ኮልኖ ጋር ወደ አንዲስ ተራሮች ሄደ። የአይሮፕላኑ ዐቅም ከተራሮቹ ጫፍ በላይ መውጣት ስለማይችል በመካከላቸው መሽሎክሎክ ነበረበት። ወደ ታች የሚገፋ ነፋስ መትቶ 4000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ገደላማ ሜዳ ላይ ጣላቸው። ሁለቱ ሰዎች ብርዱንና ረኃቡን ታግሠው ለቀናት የተሰበረውን ሲጠግኑ ሰነበቱ ፤ በጨርቅ ፣ በሽቦና ባገኙት ነገር ሁሉ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጠቀለሉ ፤ የማያስፈልገውን ሁሉ ከአይሮፕላኑ ላይ አወረዱ። በመጨረሻም አይሮፕላኑን ወደ ቁልቁለቱ ገፍተው ፣ ከገደል ወደ ገደል እየዘለለ ፣ አየር ይዞ ወደ ኮፒያፖ ከተማ ተመለሱ። ኮልኖ ሞተርን በእጁ የሚያውቅ ሰው ነበር ፤ ያዳናቸውም ያ ዕውቀት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ታላቁ ሥራ መጣ። እስከዚያ ድረስ የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካን ጠረፍ የሚያገናኙት ፈጣን መርከቦች ነበሩና ፖስታው በባሕር ላይ ብዙ ቀን ያጠፋ ነበር። በሜይ 12 እና 13 ቀን 1930 ዓ.ም. መርሞዝ ፣ አቅጣጫ መሪው ዣን ዳብሪና የራዲዮ ሠራተኛው ሌዎፖልድ ዢሚዬ ፣ በውሃ ላይ በሚያርፍ ባለ አንድ ሞተር ላቴ 28 አይሮፕላን ፣ ከ120 ኪሎ ግራም በላይ ፖስታ ጭነው ፣ ከሴኔጋል ሴንት ሉዊ ተነሥተው ከ21 ሰዓት በረራ በኋላ ብራዚል አገር ናታል ገቡ። በመመለሻው ግን በጁላይ ወር ዘይት እየፈሰሰ ሞተሩ ሊቃጠል ሲል በባሕሩ ላይ አረፉ። በአጠገቡ የተገኘች መርከብ ሰዎቹንና ፖስታውን አዳነች ፤ አይሮፕላኑ ሰጠመ። መርሞዝ በአንድ ሞተር ውቅያኖስ ማመላለስ የማይቻል መሆኑን ከዚህ ተረዳ ፤ በጃኑዋሪ 1933 ዓ.ም. ባለ ሦስት ሞተሩን አርካንሲየልን ይዞ ሲሻገር ይህንኑ ለማስረዳት ነበር።

በመካከሉ ኤሮፖስታል በገንዘብ ችግርና በፖለቲካ ጠብ ተዳክሞ በ1931 ዓ.ም. በፍርድ ቤት እጅ ገባ። መርሞዝ ስለ መንገዱ ሲል በየሚኒስቴሩ ደጅ ጠና። ከዚሁ ምሬት ጋር ወደ ፖለቲካ ገብቶ በኮሎኔል ደ ላ ሮክ የሚመራው የቀኝ ክንፍ ማኅበር አባል ፣ በ1936 ዓ.ም. ደግሞ የፓርቲው ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚህ ሥራው የነቀፉት ብዙዎች ናቸው ፤ የበረራ ጓደኞቹም ሁሉ አልተከተሉትም።

የመጨረሻው ቀን

በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ የውቅያኖሱ መሻገሪያ ሙሉ በሙሉ በአይሮፕላን ሆነ። ይህ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን ድሉ አዲስ ጭነት አመጣ ፤ በየሳምንቱ አንድ አይሮፕላን ከዳካር ወደ ናታል ፣ አንድም ከናታል ወደ ዳካር መሻገር አለበት። የአይሮፕላኖቹ ቁጥር ግን በጣም ትንሽ ነበር። በፌብሩዋሪ 10 ቀን ቪል ደ ቦነስ አይረስ የተባለው አይሮፕላን በውቅያኖሱ ላይ ጠፋ። ከጠፉት ሰዎች አንዱ በአንዲስ ተራራ ከመርሞዝ ጋር የነበረው ኮልኖ ነው።

በዲሴምበር 7 ቀን 1936 ዓ.ም. ጎሕ ሳይቀድ መርሞዝ ክርዋ ዱ ሱድ የተባለውን ባለ አራት ሞተር አይሮፕላን ይዞ ከዳካር ተነሣ። ለእርሱ 24ኛው የውቅያኖስ ጉዞ ነው። ከእርሱ ጋር አራት ሰዎች ነበሩ ፤ ፒሾዱ ፣ ኤዛን ፣ ክሩቬዬና ላቪዳሊ ይባላሉ። ጥቂት እንደ ሄዱ የኋለኛው ቀኝ ሞተር ውልብልቢት አልታዘዝ አለ። መርሞዝም ማድረግ የሚገባውን አደረገ ፤ ፖስታውን እንደ ጫነ ወደ ዳካር ተመለሰ። ሌላ አይሮፕላን ጠየቀ። ለመነሣት የተዘጋጀ ሌላ አይሮፕላን አልነበረም።

በዚህ ጊዜ የድርጅቱ ዋና መርማሪ እርሱ ነው። የሚያዘው ዶራ በአጠገቡ አልነበረም ፤ ቢቀር ማንም ፈሪ አይለውም ፤ ስሙ በዓለም የታወቀ ሰው ነው። እንቢ ለማለት ከማንም ይልቅ ነጻ ነበር። ነገር ግን ከ12 ዓመት በፊት በሞንቶድራን የገባበት ሕግ በደሙ ውስጥ ነበር። መካኒኮቹ ውልብልቢቱን በችኮላ አዩት ፤ የሚቻለውንም አደረጉ ፤ ጧት 1 ሰዓት ገደማ እንደ ገና ተነሣ። ከአራት ሰዓት ያነሰ ጊዜ ካለፈ በኋላ ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ላይ ፣ የኋለኛውን ቀኝ ሞተር ማጥፋታቸውን የሚገልጽ አጭር የራዲዮ መልእክት መጣ። ከዚያ በኋላ ድምፅ አልተሰማም። ብዙ ፍለጋ ቢደረግም አንድም ነገር አልተገኘም። ውልብልቢቱ ተነቅሎ የአይሮፕላኑን አካል ቆርጦት ይሆናል ተብሎ ይገመታል። መርሞዝ 35 ዓመት ሊሞላው የቀሩት ሁለት ቀኖች ብቻ ነበሩ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

የመርሞዝን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ጀግንነቱን አሞግሰው ያልፋሉ። ጀግና መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ከሕይወቱ ሌላ የሚገኝ ትምህርት አለ። የዶራ ጥብቅነት ሰነፉን ሠራተኛ ፣ ትዕቢተኛውን ትሑት ፣ ብቸኛውን ባልደረባ አደረገ ፤ ያለዚያም መንገዱ አይከፈትም ነበር። ይሁን እንጂ ያ ሕግ በመጀመሪያ ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው ፖስታው ይነሣ የሚለው ነው ፤ ሁለተኛው ደግሞ አይሮፕላን ቢሰበር ሌላ አይሮፕላን ይጠብቅ የሚለው ነው። በበረሃው ላይ ሁለት ሁለት ሆነው የሚበሩት በዚሁ ምክንያት ነበር። በዳካር በዚያች ጧት የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ቀርቶ ነበር። ሰዓቱ አለ ፤ ተጠባባቂው አይሮፕላን የለም። ከሠራተኛው ጥብቅነትን የሚጠይቅ ድርጅት መለዋወጫውን ካላዘጋጀ ፣ የጐደለውን የሚሞላው ሠራተኛው በነፍሱ ነው።

ይህ ነገር ካለፈ ዘመን ጋር ያለፈ እንዳይመስለን። ዛሬም በብዙ አገር ጀማሪ ነጂዎች እንደ ሴስና ካራቫን ባሉ ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላኖች ፣ ብዙ ጊዜ ብቻቸውን ፣ በሌሊትና በክፉ አየር ጥቅል ዕቃ ያመላልሳሉ። በአሜሪካ አገር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትልልቅ የመንገደኛ አየር መንገድ ለመቀጠር በጠቅላላው 1500 የበረራ ሰዓት ስለሚጠየቅ ፣ ብዙ ወጣት ይህን ሰዓት የሚሰበስበው በእንደዚህ ያለ ሥራ ነው። የዓለም አቀፉ የበረራ ደንብ የመጨረሻውን ውሳኔ ለአይሮፕላኑ አዛዥ ሰጥቷል ፤ እንቢ ቢል መብቱ ነው። ነገር ግን መብት በወረቀት ላይ መጻፉና ወጣቱ በሌሊት ፣ ጭነቱ ተጭኖ ፣ የጭነት መኪናው ቆሞ እየጠበቀ ሳለ በመብቱ መጠቀሙ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የሚቈጥረው ሰዓት አለ ፤ የሚፈልገው የምስክር ወረቀት አለ ፤ እርሱ ቢቀር የሚሄድ ሌላ ሰው እንዳለም ያውቃል።

ስለዚህ ለወጣት ሠራተኞች የምንለው ይህ ነው። ሲሊንደር ማጠብን አትናቁ ፤ ሥራውን ከሥሩ ያላወቀ ሰው እሺም ቢል እንቢም ቢል ዋጋ የለውም። ሥራውን ያወቀ ሰው ግን እንቢ ያለ ጊዜ እንቢታው ፍርሃት ሳይሆን ዕውቀት ነው። ነገ አለቃ ለምትሆኑትም የምንለው አለ። የበታቻችሁ ጐደለ ብሎ ሲመለስ በመጀመሪያ የምትጠይቁት ለምን ተመለስክ ብላችሁ አይሁን ፤ ተጠባባቂው የት አለ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በአየር ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።